ሕያው ድንጋይ

የልጅቷ ጩኸት ቤቱን ሲሰነጥቀው አያት ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቢላዋውን እንደያዙ ሮጡ። ሳሎን ሲደርሱ ነጠላ ጫማቸው ውሃ ውስጥ ሰጠመ፤ ጎንበስ ብለው ቢያዩት ውሃው ቀይ ነው።

የልጅቷ አባት በአሮጌውና በአዲሱ የዓሣ ገንዳ መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል እንደ ወደቀ ሸክላ ፈርሷል። አሮጌውን ገንዳ የሚያጎድልበት ቱቦ ከእጁ ወድቆ ገና ውሃ ይተፋል። ልጅቷ የአባቷን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስደግፋ «አባዬ፣ ተነስ! ተነስ በቃ!» እያለች ትወዘውዘዋለች፤ በወዘወዘችው ቁጥር ደሙ ይጎርፋል።

አያት ሰውየውን ከመንካታቸው በፊት ትዝ ያላቸው አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ጠብ። ልጅቷ «አባዬ፣ አዲሱ ውሃ ገና አልረጋም፣ የባሕር ድንጋዮቹን ዛሬ አታንሳ» ብትለው በጥፊ አላት። እሷም በረንዳ ወጥታ «እጅህን ይቁረጠው!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ደግሞ ጆሮ አለው፤ አፉን የሚዘጋ በር ግን የለውም።

«ሸሚዝሽን አውልቂ» አሉ አያት።

«አያቴ፣ ሐኪም ጥሪ!»

«አውልቂ አልኩሽ! ሰው ሳይመጣ!»

ሐኪም የሚደርስለት ሰው እንዳልሆነ ዓይናቸው ነግሯቸዋል። የሞተውን ትተው ያለችውን ያዙ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት የጠራው ፖሊስ ሲደርስ ሸሚዙ ተዘፍዝፎ፣ የሳሙናው አረፋ ቀይ ሆኖ፣ አያት እስከ ክርናቸው ነክረው ያሹታል። ፖሊሱ ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። ልጅቷ በካቴና ወጣች። አያት «ቶንሲል አለባት፣ ብርድ አይስማማትም፣ መስኮቱን ዝጉባት» እያሉ ሹራብ ይዘው እስከ መኪናው ተከተሉ።

መርማሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጭር፣ አፍንጫው የቀላ፣ መሐረብ ከእጁ የማይለይ ሰው። በሩ ላይ ገና ሳይገባ አነጠሰ።

«ይማርህ» አሉ አያት። ልማድ ከሐዘን ይቀድማል።

«ያኑርልኝ እማማ። ጉንፋን አፍንጫዬን ደፍኖታል፤ ዓይኔ ግን ደህና ነው። ሸሚዙን ለምን አጠቡት?»

«ደም ነበረበታ!»

«የት ላይ? ደረቱ ላይ ተረጭቶ ነው ወይስ እጅጌው ላይ ተለውሶ?»

«እጅጌውና ደረቱ ላይ፣ አንድ ላይ ተለድፎ። አቅፋው ነበር እኮ!»

«የሚመታ ሰው ደም ይረጨዋል፣ የሚያቅፍ ሰው ደም ይለድፍበታል። ያ ሸሚዝ ምስክሯ ነበር እማማ። በሳሙና ገደሉት።»

አያት ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተቀመጡ። ሊያድኑ ብለው ካቴናውን ያጠበቁት እሳቸው መሆናቸው ነው።

መርማሪው ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ቆየ። ከቁስሉ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ በመቆንጠጫ አወጣና ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። «መዶሻ አይደለም» አለ። ከዚያ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን ትልልቅ ሳፋዎች ተመለከተ። ከአሮጌው ገንዳ የወጡት ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮች በጨው ውሃ ተዘፍዝፈው፣ በየሳፋው ትንሽ ፓምፕ ይንፈቀፈቃል። ውሃው የጠራ ነው፤ በዓይን የሚያዝ ነገር የለም።

ገንዳውን የሠራው ባለመስታወት ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ኮሌታው ተቀዷል፣ ከንፈሩ አብጧል።

«ማን መታህ?»

«ሟቹ። መቆሚያው ያዘነብላል ብሎ በቡጢ አለኝ። እኔም አንገቱን ያዝኩት፤ አልደብቅም። ግን አያዘነብልም! ውሃ ልክ አምጥተው ይዩት!»

«ሰው ሞቶ ስለ ውሃ ልክ ትሟገታለህ?»

«ጌታዬ፣ ይህን የሚያክል ውሃ ትንሽ ካጋደለ መስታወቱን ያፈነዳዋል። እንኳን ለሚሳደብ፣ ለሞተም ሰው ቢሆን አጋድዬ አልሠራም።»

«ከዚያስ?»

«የቱቦ መገጣጠሚያ ጎደለንና ላመጣ ወጣሁ። ስወጣ እየሰደበኝ ነበር። ሬሳ አይሳደብም።»

«ድንጋዮቹን ማን አወጣ?»

«እኔና ልጅቷ። በጓንት።»

«በጓንት?» አለ መርማሪው። የባለመስታወቱን መዳፎች አገላብጦ አየና ሄደ።

የአያት ታናሽ ልጅ፣ የልጅቷ አጎት፣ ከጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እህቱ፣ የልጅቷ እናት፣ ስትሞት እናቱን ተከትሎ «ለሳምንት» ብሎ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። አልጋው በመጥረጊያና በቀለም ቆርቆሮ መሐል ተወትፏል።

«ክፍልህ እዚህ ነው?»

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ። የበፊቱ ለገንዳው ማጣሪያ ማሽን ተፈልጎ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርስ እንጂ ደስታ የለውም። «ዓሣ ብሆን ማሞቂያ ይገጠምልኝ ነበር።»

«ጩኸት አልሰማህም?»

«ተኝቼ ነበር።»

አያት ውሃ አቀበሉት። በግራ እጁ ተቀበላቸው፤ ቀኙን ከኪሱ አላወጣም። ማታ ላይ መዳፉን ከሱሪው ጋር ሲያሽ አዩትና እናትነት አላስቀምጥ አላቸው። «ያ ችፌህ ተነሳብህ እንዴ? ንዴት ነው የሚያስነሳው፤ ስንቴ ነገርኩህ» ብለው ቅባት አምጥተው አሹለት። ያችን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አልዞረም። ልጅቷ ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ይሆን? በሉላት ይሆን? ጣታቸውንም አንድ ነገር ሲቆረቁራቸው አደረ፤ የሽንኩርት ነው ብለው ተዉት።

በማግስቱ መርማሪው እያነጠሰ ሲገባ አያት መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተው አፍንጫቸውን በሻሽ ይዘዋል።

«አንተ ሰው፣ ይሄ አይሸትህም?»

«አፍንጫዬ ሥራ ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የእርስዎን ያውሱኝ።»

አያት ሳፋ በሳፋ እያሸተቱ ሄደው አንደኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አዞሩ። የዚያ ሳፋ ውሃ እንደ ወተት ደፍርሷል። መርማሪው ጓንት አጥልቆ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጣ። በሌሎቹ ላይ ቀጫጭን ላባ የሚመስሉ ነገሮች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ይሄዳሉ። አንዱ ግን ነጭ ዝልግልግ ለብሷል፤ ከየቀዳዳው የሞቱ ትሎች እንደ ክር ተንጠልጥለዋል። መርማሪው ድንጋዩን አገላበጠ፣ አንዱን ቀዳዳ በመቆንጠጫ ቆፈረ፣ ስልኩን አወጣ። «ልጅቷን አምጧት። ባለመስታወቱንም። ሁሉም ሳሎን ይሰብሰብ።»

ልጅቷ በፖሊስ ታጅባ በካቴና ገባች። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ አሮጌው ገንዳ ነው። «ማን መገባቸው?»

«አንቺስ በልተሻል?» አሉ አያት።

መርማሪው ድንጋዩን ጋዜጣ ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ምን ሆኗል?»

ልጅቷ እያየች ፊቷ ተጨማደደ። «በቧንቧ ውሃ ታጥቧል! ይሄ ሕያው ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ የባሕር ነፍስ ነው። ጨው የሌለው ውሃ ሲነካው ወዲያው ያልቃል። ማነው እንደዚህ ያደረገው?»

«አባትሽን የገደለው ነው» አለ መርማሪው። «በዚህ ነው የመታው፤ ቀዳዳው ውስጥ ፀጉር አለ። ደሙን ሊያጠፋ ጓሮ ወስዶ ቧንቧ ከፈተበት፣ ከዚያ ከድንጋይ ጓደኞቹ ጋር ቀላቀለው። አሁን አስቡ። እግሩ ሥር በሳፋ ሙሉ የጨው ውሃ እያለ ለምን ጓሮ ድረስ ሄደ? ለእሱ ድንጋይ ድንጋይ፣ ውሃም ውሃ ስለሆነ ነው። ይህች ልጅ ይህን አታደርግም። ባለመስታወቱም…»

«እኔ ሰው ብገድል እንኳ ድንጋይ አልገድልም!»

«ዝም በል፣ ነፃ እያወጣሁህ ነው።»

አጎትየው ከግድግዳው ሳይላቀቅ ተናገረ። «አውቃ ለማሳሳት ብላ ቢሆንስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው እጅ ላይ ነው። ልጄ፣ ድንጋዮቹን ለምንድን ነው በጓንት የምትይዙት?»

«ጸጉራም ትል አለባቸው። ባዶ እጅ ከያዝካቸው የማይታይ እሾህ መዳፍህ ላይ ይሰካል። ለቀናት ያሳክካል፣ ያቃጥላል።»

«በዚህ ቤት ይህን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለ መርማሪው። «እማማና ልጃቸው። እማማ፣ ትናንት እጁን ያሳከከው ሰው አይተዋል?»

አያት ቀና አሉ። አዩ፤ በአንድ በኩል በካቴና የታሰረችው የልጃቸው ልጅ፣ በሌላ በኩል ያጠቡት፣ ያበሉት፣ ትናንት ማታ እጁን ያሹለት ልጅ። አንዱን ሲስቡ ሌላው ይወድቃል። ሁለቱንም የሚያቆም አንድ ቃል ብቻ ታያቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አያቴ!»

«እኔ ነኝ የገደልኩት! ልጄን ስለመታት። ጠዋት በጥፊ ሲላት ደሜ ፈላ። አታምነኝም? እጄን እየው፣ ሌሊቱን ሲወጋኝ አድሯል።» ጣቶቻቸውን ዘረጉ።

መርማሪው አልሳቀም፣ አልተቆጣም። የሚጣበቅ ስኮች ቀዶ በቀኝ እጃቸው መዳፍ ላይ ለጠፈና ላጠው፤ ንጹሕ ነው። ሌላ ቀዶ በሁለት ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ለጠፈ። ሲልጠው እንደ ሕፃን ፀጉር የቀጠኑ ነጫጭ እሾሆች ብርሃኑ ላይ አብረቀረቁ።

«ድንጋይ የሚነሳው በመዳፍ ነው» አለ በቀስታ። «በሁለት ጣት የሚሠራ ሥራ ግን አለ። ቅባት መቀባት። የማንን እጅ ነው ያሹት እማማ?»

አያት ጣቶቻቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። መልሱን የሰጡት ግን ቀድመው ነው፤ በገዛ ጣታቸው። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ኪስ ሄደ።

«ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም!» አለ አጎትየው። «ዕቃዬን ተሸክሜ በጀርባው ሳልፍ፣ ቱቦውን እንደያዘ ‹ጨረስክ?› አለኝ። ጨረስክ! እንደ ውሻ! ከእህቴ ቤት! ለዓሣ!»

የባለመስታወቱን የቱቦ መፍቻ ብረት ከመሬት አፈፍ አደረገ። ፖሊሱ ተወረወረበት፤ ብረቱ ግንባሩን አግኝቶት ፖሊሱ ተንከባለለ። ሁለተኛው ምት አዲሱ ገንዳ ላይ አረፈ። መስታወቱ መጀመሪያ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ ቤቱን የሚያናውጥ ድምፅ መጣና የውሃው ግድግዳ ተናደ። ወንበር፣ ሳፋ፣ ሰው አንድ ላይ ተጠረጉ። አያት በካቴና የታሰረችውን ልጅ ከላይዋ ተደፍተው ሸፈኗት፤ ስለታም ስባሪ ባታቸውን ተልትሎት አለፈ።

መርማሪው ከውሃው ውስጥ ብቅ ሲል አጎትየው እጁ ላይ ተንበርክኮ ሊያንቀው ነበር። ባለመስታወቱ ከኋላው አንቆ ጎተተው፤ ፖሊሱም ደሙን እየጠረገ ካቴናውን አሳለፈበት። መዳፉ ሲገለበጥ ቀልቶ፣ አብጦ፣ በጭረት ተመልቷል።

«እማዬ!» እያለ ወሰዱት። «እማዬ፣ እጄን አሳመሙኝ!»

አያት ወደ በሩ አንድ እግር ተራመዱ። ከዚያ ቆሙ።

መርማሪው የልጅቷን ካቴና ፈታ። ልጅቷ የእጇን አንጓ ይዛ ወደ አያቷ ዞረች።

«አወቅሽ አይደል?» አለች። «እሾሁን ስናገር አወቅሽ። አውቀሽ ‹እኔ ነኝ› አልሽ። እሱን ልታድኚ!»

«ሁለታችሁንም ነው ልጄ…»

«አባቴን ነው እኮ የገደለው! አባቴን!»

በቡጢ ደረታቸውን መታቻቸው። ደገመች። አያት ከእግራቸው ደም እየፈሰሰ፣ እጃቸውን ለመከላከል አላነሱም። «ምቺ» አሉ፤ «ምቺ የኔ ልጅ።» ክንዳቸውን በጀርባዋ አዙረው ያዟት፤ በመታቻቸውም ቁጥር ጠበቅ፣ ጠበቅ አደረጓት።