ከጉባኤው በፊት የሄደው አማካሪ

ቤት ውስጥ «ሬዲዮ» ነበር የሚሏት፤ ከነቃች እስክትተኛ አፏ አይከደንም። ሰው ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ይተሳሰራል። የሁለተኛ ዲግሪዋን የታሪክ ጥናት ስታቀርብ እንኳ ፈታኞቿ «እባክሽ ጮክ በይ» እያሏት ነው የጨረሰችው።

ስለዚህ የታሪክ አጥኚዎች ማኅበር የጉዞዋንና የማረፊያዋን ወጪ ሸፍኖ በዓመታዊው ጉባኤ ላይ እንድታቀርብ እንደመረጣት ስትሰማ ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ መጡባት። ጥናቷ ስለ ቀድሞ የስልክ ኦፕሬተሮች ነበር፤ መስመር እያገናኙ የሰውን ደስታና መርዶ ከባለቤቱ ቀድመው ይሰሙ ስለነበሩ ሴቶች። ዛሬ ያረጁትን ቤት ለቤት እየዞረች አነጋግራቸዋለች።

«ታዲያ ምን ያስተክዝሻል?» አለቻት እናቷ፣ ልብስ እያጣጠፈች።

«እማ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው የምቆመው!»

«እኛን ስታደነቁሪን ይኼ ፍርሃት የት ነበር?»

ማኅበሩ ለጀማሪ አጥኚዎች ገንዘብ ሰጥቶ ዞር አይልም፤ በሥራው ትንሽ የቀደማቸውን አማካሪ ይመድብላቸዋል። አማካሪው ጽሑፉን ያያል፣ ያርማል፤ «ዝግጁ ናት» ብሎ ሲፈርም ነው ጉዞው የሚጸድቀው። ለእሷ የደረሳት ንግግሩ ዝግ ያለ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነበር።

በየሳምንቱ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ አሮጌ ጋዜጦች ከተደረደሩበት ክፍል ይገናኙ ጀመር። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ታነባለች፤ እሱ ጥግ ሄዶ ይቀመጣል።

«አልሰማሁሽም» ይላታል።

«እዚያ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገዎት?»

«ጉባኤው ላይም ኋላ የሚቀመጥ ሰው አለ። ደግሞ ይኼን ‹እርስዎ› የምትይውን ተይው፤ አንተ በይኝ።»

«አማካሪዬን? አይሆንም!»

ይስቃል። ስትሳሳት አይቆጣም። ጥሩ ስታነብ ደግሞ አያሞግስም፤ ብዕሩን አስቀምጦ ዝም ብሎ ያያታል። ያ ዝምታ ከማንም ሙገሳ ይበልጥባት ጀመር።

አንድ ቀን ስለ አንዲት ኦፕሬተር አነበበችለት። ሴትየዋ በሌላ ከተማ የሚሠራ ባልደረባዋን በድምፁ ብቻ ወድዳው፣ አንድም ቀን ሳትነግረው ጡረታ ወጥታለች። አንብባ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሁለቱም ዓይናቸውን መመለስ አቃታቸው። ከላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ እሱ ደንግጦ ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

በማግስቱ መልእክት ላከላት፦ «ሌላ አማካሪ እንዲመደብልሽ ማኅበሩን ጠይቄያለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በርቺ።»

ይኸው ነው። «በርቺ» የምትለዋን ቃል ደጋግማ አየቻት። ሥራዬ ባይረባው ነው አለች በልቧ፤ ፊት ለፊት መናገር ከብዶት ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ዝምታዋ እናቷን አስጨነቃት።

«እማ፣ ብቀርስ?»

«ሂጂና አይረባም ካሉሽ እነሱ ይበሉሽ። አንቺ በራስሽ ላይ ምን አስፈረደሽ?»

በእሱ ምትክ የተመደቡት፣ ተማሪዎቻቸው ሁሉ «እትዬ» የሚሏቸው ሽበታም ፕሮፌሰር ነበሩ። ጽሑፉን ካንድ ሁለቴ አንብበው፣ ጥቂት ቦታ አርመው ፈረሙላት።

«እትዬ፣ የበፊቱ አማካሪዬ ለምን ተወኝ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ምክንያቱን ራሱ ይንገርሽ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው መልእክተኛ አልሆንም» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አልገባትም።

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞልቷል። መድረክ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ድምጿ እንደ ወትሮው ጠፋ። ቀና ብትል እሱን አየችው፤ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ስታየው አንገቱን ደፋ።

ደሟ ፈላ። ለማየት እንኳ ተጠየፈኝ! ንዴቱ ፍርሃቷን ጠራርጎት ሄደ። እዚያ ጥግ ያለው ሰው አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ብላ አነበበች። አንድ አንጋፋ ታሪክ አጥኚ ተነስተው «የአሮጊቶችን ትዝታ እንዴት ታምኚዋለሽ?» ሲሏት እንኳ አልተርበተበተችም።

«ብቻውን አላምነውም። አንዷ ያለችኝን ከሌላዋ ጋር፣ ከመሥሪያ ቤቱም መዝገብ ጋር አስተያይቻለሁ። መርዶ እያገናኙ ያለቀሱትን ግን መዝገቡ አልጻፈውም፤ እሱን ከእነሱ በቀር ማን ይነግረናል?»

አዳራሹ አጨበጨበ። እሷ ግን እሱ ተነስቶ ሲወጣ አይታ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«ጥለኸኝ ከሄድክ በኋላ ምን ልታይ መጣህ?»

ክው አለ። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ በራ። «አንተ አልሽኝ።»

«አትሳቅ! ጽሑፌ ካልረባህ ፊት ለፊት አትነግረኝም ነበር?»

«ጽሑፍሽ?» ግራ ገባው። «ኧረ በጭራሽ! እኔ እኮ… ወድጄሽ ነው።»

መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ጉዞሽ በእኔ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አማካሪሽ ሆኜ ብነግርሽ፣ እምቢ ማለት ብትፈልጊ እንዴት ትያለሽ? መጀመሪያ ከመንገድሽ ዞር ልበል ብዬ ነው።»

«ቅድምስ አንገትህን የደፋኸው?»

«ካየሁሽ ሰው ሁሉ ያውቅብኛል ብዬ።»

«ወር ሙሉ ራሴን ስረግም ከረምኩ እኮ!»

«እንዲያ ትረጂዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።»

ሰዎች እያወሩ በአጠገባቸው አለፉ። መቆጣቷን ልትቀጥል ፈልጋ ነበር፤ ጉልበቱን አጣችው።

«አሁን አማካሪዬ አይደለህም?»

«አይደለሁም።»

«ፊርማህም አያስፈልገኝም?»

«አያስፈልግሽም።»

«እንግዲያው ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። ያ ዝግ ያለ አንደበቱ ከድቶት፣ ቃላቱ እየተደነቃቀፉ ጠየቃት። እሺ አለችው። የከሰዓቱ ስብሰባ ያለ እነሱ ተካሄደ።

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። ያ ወር በተነሳ ቁጥር እሷ እንደ አዲስ ትቆጣለች፤ እሱም እንደ አዲስ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድም ቀን «አለፈ እኮ» ብሏት አያውቅም።