ኦስሞ የመረጠው ማጠንጠኛ

ኦስሞ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ሲገባ ሻጭዋ ቱሊኪ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ኧረ ሰው ሚስት እንኳ እንዲህ አያማርጥም!» አለችው።

«ሚስትማ አንድ ጊዜ ያዩዋት ትበቃለች» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱን አስደንግጦት አቀረቀረ።

ጥግ ላይ መንጠቆ ይደረድር የነበረው የቱሊኪ አባት ኤንሲዮ እጁን ገታ።

ኦስሞ የመንደሩ ጀልባ አናጢ ነው። ትንንሽ ዓሣ እያጠመደ ያደገ ቢሆንም፣ በዚያ መጸው ልቡ የሸፈተው ፓይክ የሚሉትን ትልቅ ጥርሳም ዓሣ ለመያዝ ነበር። ለዚያ ደግሞ ሲወረውሩት ክሩ የተጠመጠመበት ከበሮ አብሮ የሚሽከረከር፣ በአውራ ጣት የሚገታ የክር ማጠንጠኛ ያስፈልገዋል። ቱሊኪ ሁለት አወረደችለት። አንዱ ክሩን የሚገታው ልጓሙ ጥብቅ ነው፤ ሌላው ዓሣው በኃይል ሲስብ ክር ይለቃል።

«ይሄኛው ይሻላል መሰለኝ። የያዘውን አይለቅም» አለ የመጀመሪያውን እያገላበጠ።

«አይለቅም። ወንድሜ የያዘውም እንዲህ ያለውን ነበር።» አለች ቱሊኪ። «አርቮ ልጓሙን ጠርቅሞ፣ ክሩን እጁ ላይ ጠምጥሞ ሳበ። ጀልባዋ ተገለበጠችበት። ያልቻልከው ዓሣ ይሂድ ኦስሞ፤ የሚለቀውን ውሰድ።»

ኦስሞ ጥብቁን መልሶ አስቀመጠ።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትወረውረው?»

«በግራ።»

«እንግዲያው እጀታው በቀኝ የሆነውን ነው የምትፈልገው።» ግራ እጁን ይዛ አውራ ጣቱን ከበሮው ላይ አሳረፈችለት። «ስትወረውር በስሱ ንካው። ውሃው ላይ ሲያርፍ ያዝ አድርገው፤ አለዚያ ክሩ ይተበተባል።»

ጣቷን ቶሎ አላነሳችም። እሱም እጁን አልሳበም።

«ማጠንጠኛውን ውሰድ፤» አለ ኤንሲዮ ከወደ ጥግ፤ «ልጄን ግን ተዋት። ሐይቁ አንድ ልጅ በልቶብኛል። የአማች ሬሳ ፍለጋ ደግሞ አልወጣም።»

በማግስቱ ሐይቁ እንደ እርሳስ ከብዶ ተኛ። ዳክዬዎቹ ሄደዋል። ጉሙ ከሸምበቆው ጀምሮ እስከ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ ወርዷል። ረፋዱ ላይ ከሰሜን ነፋስ ተነሣ፤ ቱሊኪ በመስኮት ወደ ጀልባ ማቆሚያው ተመለከተች።

«አባዬ፣ የኦስሞ ጀልባ የለችም።»

ኤንሲዮ አርቮን ከቀበረ ወዲህ ጀልባ ላይ እግሩን አላሳረፈም። ግን ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደ።

ቱሊኪን ጀልባ ላይ አሳፍሮ መቅዘፍ ጀመረ። የሚሄዱት ፓይክ ወደሚበዛበት፣ አርቮም ሞቶ ወደተገኘበት ቋጥኝ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ጉሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ቱሊኪ ደጋግማ ተጣራች። የመለሰላት የማጠንጠኛው ክር ጩኸት ነው፤ ሲጢጥ ይልና ጸጥ ይላል።

ኦስሞ ቋጥኙ ላይ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ድንጋይ የያዘበትን መንጠቆ ሊያላቅቅ ሲወርድ፣ ነፋሱ ጀልባዋን ነጥቆት ሄዷል። ባለ መንጠቆውን ማባበያ የእንጨት ዓሣ ደጋግሞ ወርውሮ የጀልባዋን ገመድ አጥምዷል። ነፋሱ ሲበረታ ማጠንጠኛው ክር ይለቃል፤ ሲያርፍ ደግሞ ትንሽ ይጠቀልላል። ክሩ በዚያ ነፋስ ቢገታ ኖሮ ወይ ይበጠስ፣ ወይ እሱን ውሃው ውስጥ ይጥለው ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ጀልባዋን ልቀቃት!» ጮኸ ኤንሲዮ። «መጥተናል፣ ልቀቃት አንተ ልጅ!»

ኦስሞ ሰማ፤ ጣቶቹ ግን አልታዘዙለትም። አጠገቡ ሲደርሱ ቱሊኪ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ ካፖርቷ ውስጥ አስገብታ በደረቷ አሞቀቻቸው።

«ጀልባዋ ሄደች» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ትሂድ።»

እንዲሞቀው ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ያነደደለት ኤንሲዮ ራሱ ነው። ኦስሞ ለቀናት በትኩሳት ተኛ። በእግሩ ሲቆም ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ነበር። ለዓሣ ሾርባ ጠሩት፤ ማንኪያውን ሳያነሳ ወደ ኤንሲዮ ዞረ።

«ጋሼ፣ ቱሊኪን ይስጡኝ።»

«ወደ ሐይቁ ከመሄድ ትቀራለህ?»

ኦስሞ ቱሊኪን አያት። እሷም አየችው፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ልዋሽዎ እችል ነበር» አለ። «አልቀርም።»

ኤንሲዮ የያዘውን የአጃ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እንግዲያው ብቻውን አይሄድም» አለች ቱሊኪ። «አብሬው ነኝ።»

አባቷ ሁለቱን በየተራ አያቸውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ በረዶው ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ አውጥቶ አቃሰተ። ሦስቱም ጸጥ እስኪል አዳመጡ።

«ሠርጉ» አለ ኤንሲዮ፤ «በረዶው ሳይቀልጥ ይሁን።»