የውሃ ቦቴው ሹፌር

«መጣች! እናትሽ መጣች!» አለች ራዲዮ፣ የመድረኩን መጋረጃ ጫፍ በጣቷ ገለጥ አድርጋ።

ልጅቷ ጓደኛዋን ገፋ አድርጋ ራሷ አየች። እውነትም እናቷ ናት። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው በቀጥታ መጥታ፣ እጅጌዋ ላይ የተጣበቀውን ክር እንኳ ሳታራግፍ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ለወላጆች የተላከውን ጥሪ አይታ ጠዋት «ፈቃድ አይሰጡኝም» ብላ ነበር። ይኸው ሰጧት። ልጇ መድረክ ላይ እንደምትወጣ ግን አታውቅም።

«አለቀልኝ» አለች ልጅቷ።

«አታካብጂ! የጻፍሽውን ታነቢያለሽ፣ ይጨበጨብልሻል፣ ትወርጃለሽ። በቃ!»

«እሷ ፊት?»

ራዲዮ የልጅቷን አንገትጌ ማስተካከል ጀመረች። «ራዲዮ» የሚል ስም ያወጡላት የሰማችውን ሁሉ ስለምታሰራጭ ነው፤ ባትሪዋ ደግሞ አያልቅም። ወሬውን ለትምህርት ቤቱ ያዳረሰችው እሷ ናት። የፈጠረችው ግን ልጅቷ ነበረች። የተዋወቁት ዘንድሮ በመሆኑ ራዲዮ የሰማችውን እውነት ነው ብላ ተቀብላለች፤ እውነቱን ያወቀችው ገና ትናንት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። የታሪክ መምህሩ «በውትድርና ያገለገለ ዘመድ ያለው ማነው?» ሲሉ እሷ «አጎቴ» አለች። አባቱ ሻምበል የሆነ አንድ የክፍሏ ልጅ ግን ተነስቶ ስለ አባቱ ሜዳሊያዎች አወራ፣ አወራ፣ አላቆም አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ያንቺ አጎትስ ምን ነበር?» አላት። ፈገግታው ደስ አይልም። «ኮማንዶ» አለች ሳታስበው፤ «ጦር ሜዳ ላይ ነው የወደቀው።» ክፍሉ ጸጥ ሲል ጸጥታው ጣፈጣት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበደ። ራዲዮ ሁለት መትረየስ ጨመረችበት። መምህሩም ለዛሬው የመታሰቢያ ዝግጅት የመጨረሻዋ ተናጋሪ አደረጓት።

አጎቷ ኮማንዶ አልነበረም። የጦሩ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን በአቧራ መንገድ ከወንዝ ወደ ምሽግ፣ ከምሽግ ወደ ወንዝ ሲመላለስ ነው የጨረሰው። ጡረታ ወጥቶ እነሱ ቤት ሲገባ አንድ ልማድ ይዞ መጣ። በርሜል ካየ አያልፍም፤ በጣቱ አንጓ ከታች ወደ ላይ ኳ ኳ እያደረገ ይሄድና ድምፁ ከሚለወጥበት ቦታ ላይ «ውሃው እዚህ ጋ ነው» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። «ክዳን መክፈት ጆሮ ለሌለው ሰው ነው!» እያለ ይኮራል። እሷን የሚጠራት «ባልዲዬ» ብሎ ነው። ከፈተና ስትመለስ አናቷን ቀስ አድርጎ ያንኳኳና «ኧረ ገና ብዙ ቦታ አለው፣ ባልዲዬ!» ይላታል። ትወደው ነበር። እንደ እሱ ያሳቃት ሰው የለም።

የሞተውም ጦር ሜዳ ላይ ሳይሆን እናቷ ክፍል ውስጥ፣ በበሽታ ነው። ድምፁ ሲዘጋ ግድግዳውን ማንኳኳት ጀመረ፤ ሁልጊዜ ሦስቴ። እናቷ ከሥራ ዝላ ገብታም ቢሆን፣ የጎረሰችውን ሳትውጥም ቢሆን፣ ያንን ድምፅ ስትሰማ ትነሳለች። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ያን ሁሉ ወታደር ያጠጣውን ሰው እሷ በማንኪያ ታጠጣው ነበር። ክረምቱ እንዲያ አለቀ፤ ከክረምቱ ጋር እሱም አለቀ።

«እውነቱን ብናገርስ?» አለች ልጅቷ።

«አብደሻል? እኔ እኮ ምዬላቸዋለሁ! ያ የሻምበል ልጅ ስልኩን ደቅኖ ነው የሚጠብቅሽ። ሁለታችንም መሳቂያ ነው የምንሆነው፣ በናትሽ!» ራዲዮ የምሯን ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

መድረኩ ላይ መምህሩ ድምፃቸውን ጎርነን አደረጉ። «በመጨረሻም ጦር ሜዳ ላይ ስለወደቀ አንድ ጀግና ኮማንዶ እንሰማለን። የምትነግረን የእህቱ ልጅ ናት።»

ልጅቷ በመጋረጃው ክፍተት እናቷን አየቻት። እናቷ ከንፈሯን መጠጠች። አጠገቧ ወዳሉት ሴትዮ ዘንበል ብላ አንድ ነገር አለች፤ ድምፅዋ ባይሰማም «እኔን! የማን ልጅ ትሆን?» እንዳለች ያስታውቃል። ከዚያም አንገቷን አስግጋ የሟቹን ቤተሰብ በዓይኗ መፈለግ ጀመረች።

ልጅቷ ከመጋረጃው ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ሂጂ!» አለች ራዲዮ፣ ጀርባዋን ገፋ እያደረገች።

ወጣች። እናቷ ስታያት ሐዘኔታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወደ መምህሩ ዞረች፤ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል ብላ። ሳያርሙ ሲቀሩ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሻምበሉ ልጅ ስልኩን ከፍ አደረገ። ልጅቷ በላብ የራሰውን ወረቀት ዘረጋችው። «አጎቴ በጥይት ተመቶ ሲወድቅ…» ይላል። ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ በጣቷ አንጓ አትሮኖሱን አንኳኳች። ኳ። ኳ። ኳ።

«ኧረ ማይኩ ይሠራል!» አለ አንድ ልጅ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

እናቷ ግን ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር። ማን ጠርቷት እንደተነሳች ያወቀች አትመስልም፤ ቦርሳዋ ከጭኗ ላይ ወድቋል።

«አጎቴ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር» አለች ልጅቷ። ሳቁ ቆመ። «ኮማንዶ ያልኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ያወራችው እኔን አምና ነው።» ከመጋረጃው ጀርባ ራዲዮ በረጅሙ ስትተነፍስ ተሰማት። «የሞተውም ቤታችን ነው፣ አልጋ ላይ። እንዲህ ሲያንኳኳ የምትነሳለት እህት ነበረችው።»

የሻምበሉ ልጅ ስልኩን እንደደቀነ ነው። ይቅረጽ። ልጅቷ ዓይኗን ከሁለተኛው ረድፍ ሳትነቅል ስለ በርሜሎቹ መናገር ጀመረች፤ እናቷም እስክትጨርስ አልተቀመጠችም።