የማን ልክ ነው?

ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዴ በማዘግየቴ የሆነውን ስለማውቅ፣ አሁን ከወዲሁ ልናገር።

የእጅ ሰዓትና ስልክ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። እሱ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በመስታወት ስንተያይ ሰላምታችን ከአንገት አላለፈም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ረጅም፣ ግዙፍ፣ በሩን የሚሞላ ሰው ነው።

«ጉልበቴን ሲያመኝ ሐኪሙ ክብደት ቀንስ አለኝ። በቀን ስንት ካሎሪ እንደማቃጥል የሚነግረኝ ሰዓት ፈልጌ ነበር።»

ያለንን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እሱ ዓይኑን ከእጄ ላይ አላነሳም።

«እጅሽ ላይ ያለችውን ነው የምፈልገው።»

«ይቺ እኮ ለደንበኛ ማሳያ የማስራት ናት!»

«እኔስ ደንበኛ አይደለሁ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ፈትቼ አሰርኩለት። ማሰሪያዋ በመጨረሻው ቀዳዳ በግድ ደረሰ። ጣቴ የእጁን ደም ሥር ሲነካው የምሠራው ሁሉ ጠፋብኝ።

«ይቺ የላይኛዋ ቁጥር ምንድን ናት?» አለ በመጨረሻ።

«ምንም ሳትሠራ የምታቃጥለው። ብትተኛም ልብህ ይመታል፣ ትተነፍሳለህ፤ ለእሱ የሚሄደው ነው። የእንቅስቃሴህ ሲደመርበት የቀኑ ይሆናል።»

«ተኝቼም እሠራለሁ በይኛ!» ከዚያ እንደ ልብስ ሰፊ ኮስተር አለ። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው። ከራስህ ሰውነት ነው የሚለካው» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ምላሴን ይቁረጠው! ሰዓቷ ያንን ቁጥር አትለካም፤ ትገምታለች። ጾታ፣ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ይሞላላታል፣ ከዚያ ተነስታ ታሰላለች። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ግምት ነው ብዬ ብነግረው ትቶኝ የሚሄድ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ብቅ ይላል። ቁጥሩን ያሳየኛል፣ የበላውን ይነግረኛል፣ እኔም እንደ አዋቂ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ማታ ማታ አብረን ወደ ቤት መሄድ ጀመርን። ሱሪው ሲሰፋው ራሱ አጠበበው።

«ሰዓቷ ይበቃሃል ትለኛለች፤ ሆዴ ኧረ በሕግ አምላክ ይላል። ማንን ልመን?»

«ሰዓቷን!» አልኩት እየሳቅሁ።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ማሰሪያዋ ተበጥሶ ሰዓቷን አመጣልኝ። እየቀየርኩላት እግረ መንገዴን የተሞላውን መረጃ ከፈትኩት። ሴት። ሃያ ስድስት ዓመት። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። አርባ ዘጠኝ ኪሎ።

ክው አልኩ። እኔው ነኝ! ከእጄ ፈትቼ ስሰጠው የራሴን አጥፍቼ የእሱን መሙላት ረስቻለሁ። ለካ ሦስት ወር ሙሉ እጁ ላይ ሆና የምታሰላው የእኔን ገላ ነው። እሱ ተኝቶ ውሎ እንኳ ሁለት ሺህ ገደማ ያቃጥላል፤ እሷ አንድ ሺህ ሁለት መቶም አትሞላለትም። ያን የሚያህል ሰው በእኔ ልክ ሲበላ ከርሟል።

ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «እናቴ እሁድ ምሳ ጠርታሻለች። ልጄን ያቀለለችልኝን ልያት ብላ አስጨንቃኛለች።»

እሁድ ይለፍ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ።

እናቱ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። እሱ ሁለት ሦስት ጎርሶ ሳህኑን ገፋ።

«አየሽልኝ ልጄ? በቃኝ ይላል። እስኪ አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማል» አሉኝ።

ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ውሃዬን አንስቼ ጠጣሁ።

ማክሰኞ ወደቀ። ካውያውን እንደያዘ ሲንገዳገድ በመስታወት አየሁት፤ እንዴት መንገዱን እንደተሻገርኩ አላውቅም። ካውያው ክንዱን አቃጥሎታል። ሐኪም ቤት እናቱ እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘው ሲጠብቁ ሐኪሙ ወጣ። «ምግብ አንሶት ነው» አለ።

አልጋው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። እናቱ እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ እሱ።

«ሐሙስ።»

«እሁድ ቤታችን ነበርሽ።» ሰዓቷን ፈትቶ ዘረጋልኝ።

ዘጠኝ ቀን ከመንገዱ ማዶ መጋረጃው ተዘግቶ ሰነበተ። ሰዓቷን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ እየደጋገምኩ አያታለሁ። ይቅርታ የሚል መልእክት ጽፌ አጠፋለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። እምነቱን እንዴት እንደበላሁት ሳስብ በራሴ አፈርኩ።

በአሥረኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው።

«አንድ ጊዜ የአንድ ሙሽራ ሱፍ በወንድሙ ልክ ቆርጫለሁ» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ። «ስህተቴን በማግስቱ አወቅሁ። ሰውየው መጥቶ እስኪለብሰው ድረስ ዝም አልኩ። ፈርቼ።»

«እና ምን አለህ?»

«ሰደበኛ! ምን ሊለኝ ኖሯል?» ትንሽ ፈገግ አለና ፈገግታውን መለሰው። «ሰዓቷን ረስቼልሻለሁ። እሁድን ገና አልረሳሁም። እናቴም አኩርፋለች፤ እሱን አንቺው ተወጪው።»

«እወጣዋለሁ» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ሰዓቷን ከመሳቢያው አውጥቼ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት።

«ጾታ?»

«አሁን ይኼም ይጠየቃል?»

«ከእንግዲህ ሁሉንም እጠይቃለሁ።»

ቁጥሩ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ አየው። «ልክ ነው?»

«አይደለም። ግምት ነው። ሲርብህ ሆድህን ስማው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላዘገይ እውነቱን ስነግረው አየኝ፤ ረጅም አየኝ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋልኝና አሰርኩለት።

እናቱን ለማስታረቅ አምስት እሁድ ፈጅቶብኛል። አሁን የምንኖረው አንድ ቤት ነው። ጠባሳው ከሰዓቷ ከፍ ብሎ ዛሬም ክንዱ ላይ አለ፤ ማዕድ ላይ እጁን በዘረጋ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ያርፋል፣ እጄም ሳህኑ ላይ ይቀራል። እሱ ያውቃል። ከራሱ ፊት ቆንጆ ቆንጆውን እያነሳ ወደ እኔ ይገፋል።

«ብይ እንጂ» ይለኛል፤ «ሦስት ወር የበላሁብሽን ልመልስልሽ።»