አጣቢዋ ያላዩት ምልክት

ለግድያ መርማሪ ከሬሳ የበለጠ ምስክር የለም፤ ኢንስፔክተር የሺአረግ ግን የተጠራችው ሬሳው በተቀበረ ማግሥት ነበር። ወይዘሮ መኪያ ጉርድ ሾላ መገንጠያው አጠገብ ባለ የግል ክሊኒክ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሞቱ፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ አፈር ለበሱ። ረቡዕ ማለዳ ልጃቸው ሱሀይላ ጣቢያ ገብታ «እናቴን ነርሷ ገደለችብኝ!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ወዲያው ታሰረች።

«የቀረሽ ወረቀት ማሟላት ብቻ ነው» አላት አለቃዋ።

የሺአረግ በዚህ ዓለም ላይ «ወረቀት ማሟላት» የሚባለውን ነገር ያህል የምትጠላው አልነበራትም። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ነበረች። የክሊኒኩን ካርድ በብብቷ ሸጉጣ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደች።

ታሳሪዋ ሲስተር ሀይሚ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ፔኒሲሊን ወግተሻል?»

«አልወጋሁም።»

«ካርዱ ላይ ፊርማሽ አለ።»

«የእኔ አይደለም። ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተር ገብረዋሕድ ‹ስጪያቸው› ሲሉኝ ‹አይስማማቸውም፣ አልሰጥም› ብያቸዋለሁ። ሴትዮዋ ለሳንባ ምች የተኙ ዕለት ካርዱ ራስጌ ላይ በቀይ የጻፍኩት እኔው ነኝ።»

የሺአረግ ካርዱን አገላበጠችው። ቀይ የሚባል ቀለም አልነበረበትም። የመጨረሻው መስመር ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ መድኃኒቱ ቆዳ ላይ ተሞክሮ ችግር እንዳልታየ፣ ፔኒሲሊኑም ቀኝ መቀመጫ ላይ እንደተወጋ ይናገራል።

«ለአራት ሩብ ጉዳይ የት ነበርሽ?»

«ከግቢ ወጥቼ ነበር። ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሰዓት አልፎ።»

«ለምን?»

«ታማሚዋ የነገሩኝ ጉዳይ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

«ታማሚዋኮ ሞተዋል።»

«የነገሩኝ ግን በሕይወት ሳሉ ነው።»

«ስሚኝ ልጄ። የምታጪው የሙያ ፈቃድሽን ብቻ አይደለም፤ ወህኒ ትወርጃለሽ። የሄድሽበትን ቤት ስም ብትነግሪኝ ምስክር አገኝልሻለሁ።»

«ቤቱን ካወቁ ጉዳዩንም ያውቁታል» አለች ሀይሚ። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደበቀቻቸው።

ይህን የምተርከው እኔ ሁሉን አይቻለሁና የት እንደሄደች አውቃለሁ። ግን አልጽፈውም። ወይዘሮ መኪያ በሩን አዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሯትን ነገር እኔ ማን ሆኜ አደባባይ አወጣዋለሁ?

ክሊኒኩ ዘጠኝ አልጋ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። የሺአረግ መጀመሪያ ያየችው የታማሚዎቹን ካርዶች ነበር። በየአልጋው ግርጌ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሁሉም አናታቸው ላይ በሚስማሩ ተበስተዋል፣ ዝገት ነክቷቸዋል፣ አንዱ ላይማ ሻይ ፈሶበታል። እሷ የያዘችው ካርድ የሦስት ቀን ታማሚ ነው ይባላል፤ ቀዳዳ አልነበረውም። መልሳ ሸጎጠችው።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ገብረዋሕድ ቁመተ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው።

«ጎበዝ ልጅ ነበረች» አሉ ስለ ሀይሚ። «ሰው ይሳሳታል። አሳዘነችኝ።»

«እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቢሮዬ።»

«የአስከሬን ምርመራ ለምን አልተደረገም?»

«ኢንስፔክተር፣ ሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። ደንባቸውን አከብራለሁ። ቶሎ እንዲቀብሩ ብዬ የሞት ወረቀቱን በግማሽ ሰዓት የጨረስኩላቸው እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤትም ደርሼ ነርሷ ያጠፋችውን ለልጃቸው የነገርኩት እውነቱን ማወቅ ስላለባቸው ነው።»

ዋና ነርሷ ሲስተር ትግስት ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉ፣ ሀይሚንም ከትምህርት ቤት እንደወጣች ተቀብለው ያሠለጠኑ ናቸው።

«ማን ነው የወጋው?»

«ካርዱ የሚለውን ነው የማውቀው።»

«ካርዱን አንብቤዋለሁ። እርስዎ ምን አዩ?»

«ካርዱ የሚለውን ነው የማውቀው» አሉ ደግመው፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቁስል የሚያጥበውና የሚያሽገው ሙዘሚል በረንዳው ላይ ፋሻ ይጠቀልል ነበር። የደሴ ልጅ ነው፤ ከወይዘሮ መኪያ ጋር የአገር ልጆች ናቸው። እሱም ከጓሮ ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም አለ።

«በእናንተ ደንብ ሬሳ አያድርም አይደል?» አለችው የሺአረግ።

«አያድርም። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት በዕለቱ ይቀበራል።»

«ማን ያጥባል?»

«ለሴት ሴት ናት። እሳቸውን ያጠቧቸው እማማ ሚስኪ ናቸው፤ ቤታቸው ጎሮ ነው።»

የሺአረግ ደብተሯን ዘጋች። ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ ሲፈታ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ግን ለቅሶ ቤት ጎራ አለች። ሱሀይላ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል።

«ከአልጋው አጠገብ አልነበርሽም?»

«ብርቱካን ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ፊቷ አብጦ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ… ትንፋሽ አልነበራትም። ያቺ ልጅ፣ አላህ ይፍረድባት! እናቴ ከሰው ሁሉ እሷን ነበር የምታምነው።»

«ለምን እሷን?»

«እናቴ ለወንድ ገላዋን አትገልጥም። ሐኪም ይሁን ማን ይሁን፣ ከእጇ ጫፍ በላይ አታሳይም። ሀይሚ ይህን ስትሰማ አልሳቀችባትም፤ መጋረጃ አምጥታ ጋረደችላት። ከዚያ ወዲህ የሚወጓት ሀይሚና ሲስተር ትግስት ብቻ ነበሩ።»

«ግርጌዋ ላይ የተሰቀለውን ካርድ አይተሽው ነበር?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ ነበር።»

«በምን ቀለም ነው የተጻፈው?»

ሱሀይላ አሰብ አደረገች። «በሰማያዊ፣ በጥቁርም። ከላይ ትልቁ ግን በቀይ ነው።»

ጎሮ ያኔ ገና መንደር እየሆነ ነበር፤ ታክሲው አስፋልቱ ካለቀበት አውርዷት በጭቃው ውስጥ እያነከሰች ሄደች። እማማ ሚስኪ በራቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። የመጣችበትን ሲሰሙ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«የሟች ገመና አይወራም። ያጠበ ሰው ያየውን ይዞ ይቀበራል፤ አደራ ነው። ብታስሪኝም አልናገር።»

የሺአረግ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጠዋት ከማረፊያ ክፍሉ የሰማችውን መልስ ሌላ አፍ ሲደግመው የሰማች መሰላት። ተናዳም፣ ተገርማም፣ ትንሽ አፍራም ነበር።

«ያዩትን አልጠይቅዎትም» አለች። «ያላዩትን ይንገሩኝ። የሌለ ነገር ገመና አይሆንም።»

አሮጊቷ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ጠይቂ እስቲ።»

«መቀመጫቸው ላይ የመርፌ ምልክት ነበር?»

«አልነበረም። ሦስት ጊዜ ነው ያጠብናቸው፤ በቀኝ አዙረን፣ በግራ አዙረን። እጄ ያልደረሰበት ገላ የለም።»

«ክንዳቸው ላይ ለሙከራ የተወጋ ትንሽ ነጥብ?»

«እሱም የለም። ግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ግሉኮሱ የገባበት አለ፤ እሱን ጠያቂ ሁሉ ያየው ነው። ሌላ መርፌ ገላቸውን አልነካውም።»

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በክሊኒኩ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ተሰበሰቡ። ዶክተሩ ቆመዋል፤ ሲስተር ትግስትና ሙዘሚል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱሀይላ በር አጠገብ ናት። ሀይሚን ፖሊስ ይዟት ሲገባ ሱሀይላ ፊቷን አዞረች።

የሺአረግ ካርዱን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ይህ ካርድ ሦስት ቀን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል ይባላል። ቀዳዳ የለውም። የሦስት ቀኑ ጽሑፍ፣ የቀኑም የሌሊቱም፣ በአንድ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። ሱሀይላ ያየችው ቀይ ጽሑፍም የለበትም። ስለዚህ ይህ ሌላ ካርድ ነው፤ ሴትዮዋ ከሞቱ በኋላ የተጻፈ። ታዲያ ሀይሚ ጻፈችው እንበል? በዓለም ላይ ራሱን የሚያሳስር ወረቀት አስመስሎ የሚጽፍ ሞኝ አላየሁም።»

«ደህና» አሉ ዶክተሩ። «ካርድ ጠፍቶ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል። ግን መቀመጫ ላይ ተወጋ ይላል፤ አልተወጋም። ቆዳ ላይ ተሞከረ ይላል፤ አልተሞከረም።»

«ይህን በምን ያውቃሉ? ሬሳው ተቀብሯል!»

«ታጥቦ ነው የተቀበረው፣ ዶክተር።»

ሙዘሚል ቀና ብሎ አያት።

«ያጠቧቸው እናት ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል። ከግሉኮሱ ቀዳዳ በቀር በገላቸው ላይ መርፌ አልገባም። ልጃቸው ደግሞ ፊታቸው አብጦ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ አገኘቻቸው። ያልተስማማቸው መድኃኒት ምልክት ነው፤ መድኃኒቱ ገብቷል። የገባው በግሉኮሱ ቱቦ ነው። ለምን በዚያ? ሲስተር ትግስት ወይም ሀይሚ ቢሆኑ መጋረጃውን ስበው እንደ ሁልጊዜው መቀመጫቸው ላይ ይወጉ ነበር። ወይዘሮ መኪያ ከእጃቸው ጫፍ በላይ የማያሳዩት ለወንድ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የሰጠው ወንድ ነው።»

«እዚህ ቤት ሁለት ወንድ አለ» አሉ ዶክተሩ ወደ ሙዘሚል እያዩ።

«አለ። ሙዘሚል ግን ሙስሊም ነው። የሟች ገላ ጥፍር ሳይቀር እንደሚታጠብ ከልጅነቱ ያውቃል። እሱ ቢሆን ‹መቀመጫ ላይ ተወጋ› ብሎ አያስጽፍም ነበር። ይህን ያስጻፈው ደንባቸውን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው። ቶሎ እንደሚቀብሩ ሰምቷል፤ ከመቅበር በፊት ምን እንደሚያደርጉ ግን አልጠየቀም። አከብራለሁ ያሉትን ደንብ አንድ ቀን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ዶክተር፣ ዛሬ አልይዝዎትም ነበር።»

«ግምት ነው!» የዶክተሩ ድምፅ ሻከረ። «ይልቅ እሷን ጠይቋት! የት ነበረች? ለምን አትናገርም?»

«አልጠይቃትም። የት እንደነበረች የሚያስፈልገኝ እሷ ወግታለች ብዬ ብጠረጥር ነበር። እርስዎ ‹ስጪ› አሏት፤ አልሰጥም አለች። ከእርስዎ ሃያ ዓመት የምታንስ ነርስ ስላልታዘዘችዎ ተናደዱ፤ ስትወጣ ጠብቀው በገዛ እጅዎ ሰጡ። መግደል አልፈለጉም፤ ልክ መሆንዎን ማሳየት ነው የፈለጉት። ስትመለስ እንደምትጮህ ስለገባዎት ደግሞ ቀድመው እሷን ከሰሱ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው።»

ወደ አግዳሚው ዞረች።

«ሲስተር ትግስት፣ ያዩትን ስጠይቅዎት ሁለት ጊዜ የመለሱልኝ ካርዱን ነው፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ዋና ነርሷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀጥ ብሎ የቆየው ትከሻቸው ወረደ።

«አዘዙኝ» አሉ። «ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቶዎታል፣ ከሥራ ወጥተው የት ይደርሳሉ አሉኝ። አዘዙኝኮ።»

«ሀይሚንም አዘዋት ነበር» አለች የሺአረግ።

ሲስተር ትግስት ከጋውናቸው ኪስ በአራት የታጠፈ ካርድ አወጡ። እንዲያቃጥሉት ታዘው ነበር፤ አልሆነላቸውም። አናቱ ላይ የሚስማር ቀዳዳ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በቀይ ትልልቅ ፊደል ማስጠንቀቂያው፣ ከሥሩ ደግሞ የማክሰኞው ትእዛዝ በዶክተሩ የእጅ ጽሑፍ አለ። ወደ ሀይሚ ሊያዩ ሞክረው አልቻሉም። ፖሊሱ የሀይሚን እጅ ለቆ ዶክተር ገብረዋሕድን ያዘ።

ሁሉም ሲወጡ ሁለቱ ልጆች ብቻ ቀሩ። ሱሀይላ ሀይሚ ፊት መጥታ ቆመች።

«በሐሰት ከሰስኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«እናትሽ ናቸው የሞቱብሽ። አልፈርድብሽም።»

«በዚያ ሰዓት የላከችሽ እሷ ናት አይደል?»

«አዎ።»

«የት? ምን ነበር ጉዳዩ?»

«አልነግርሽም።»

«እናቴ ናት!»

«አውቃለሁ፣ ሱሀይላ። እኔ ደግሞ ነርሷ ነበርኩ።»

ሱሀይላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን ይህቺ ልጅ አንድ ሌሊት በሲሚንቶ ላይ ተኝታ፣ ወህኒ ልትወርድ ደርሳ ያልተናገረችውን አሁን በልመና እንደማትናገረው ገባት። ነጠላዋን አስተካክላ እስከ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ተመለሰች።

«የኔም ቀን ሲመጣ» አለች፣ «አንቺን ነው የምፈልገው።»

ሀይሚ ከታሰረች ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። አሁን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ሂጂልኝ ሲሉኝ እምቢ ብላቸው ኖሮ» አለች፣ «አጠገባቸው ነበርኩ። የዶክተሩን እጅ እይዘው ነበር።»

ሱሀይላ አጠገቧ ተቀመጠች።