በተዘጋ መንገድ የደረሰ ካርቶን

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ሌት ተቀን ወረደ። ነሐሴ ሦስት ቀን የጅማው መንገድ ተናደ፤ በማግስቱ በሌላው አቅጣጫ የሺሺንዳውም ተቆረጠ። ቦንጋ መኪና አልገባም፣ አልወጣም። ስኳርና ጨው ከሱቅ ጠፉ። ባለ እንሰቱ ቆጮውን በላ፤ ደመወዝተኛው ተቸገረ።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ጠዋት፣ መንገዱ ገና ሳይከፈት፣ መምህር አስናቀ በተከራየበት ክፍል ሞቶ ተገኘ። ከኋላው በብረት ተመቷል። ኢንስፔክተር ሠናይት ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ካርቶን ተደርድሯል፤ የማይበሩ የሶላር መብራቶች፣ የማይነሱ ስልኮች። ሁሉም አዲስ አበባ ነኝ ከሚል አንድ የቴሌግራም ሻጭ የተገዙ ናቸው። መምህሩ የተታለሉትን አስተባብሮ ለክስ ማስረጃ ይሰበስብ ነበር። ማስረጃውን የሚጽፍበት ደብተር ግን የለም።

አከራይዋ ወይዘሮ ሀጂራ በር ላይ ቆመዋል።

«እርስዎም ገዝተዋል?» አለቻቸው ሠናይት።

«ስልክ ነዋ! ሬሳ ልኮልኝ። ሁለት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትን። አንዱ ‹ሲስተም የለም› ይላል፤ ሌላው ‹አዲስ አበባ ሄዳችሁ ክሰሱ›። ስሙን የማላውቀውን ሰው ማን ብዬ ልክሰስ?»

«መምህሩን የሚጠላ ነበር?»

«ሰሚር። ዓምና መምህሩ ገበያ መሃል ‹ባትሪ የምትሰርቀው አንተ ነህ› ብሎ አዋረደው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሸሸው።»

ሰሚር ስልክ ጠጋኝ ነው። ጎረቤት ጠቁሞት ፖሊስ ይዞታል።

«ጠልተኸዋል?» አለችው ሠናይት።

«እንዴት አልጠላው እትዬ! ስልክ ስከፍት ሰው አፍንጫዬ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እንደ ሌባ። ግን አልገደልኩም።»

ተድላ መናኸሪያ ውስጥ የተላከ እቃ ተቀብሎ ያስረክባል። የተታለሉት ሰዎች ኮሚቴ ጸሐፊም ነው። ሲናገር አለቀሰ።

«እኔም ተበልቻለሁ። ካርቶን ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ ለባለቤቱ እሰጣለሁ፤ አልከፍትም። መምህሩን ከእሁድ ወዲህ አላየሁትም።»

ሠናይት ተመልሳ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። መምህሩ በየክዳኑ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ከአሥር ሰጥቶ፣ የተረከበበትን ቀን ጽፏል። እንደ ተማሪ ደብተር አርሟቸዋል። ዘጠነኛው ላይ ቆየች። ከዚያ አንድ ፖሊስ ጠርታ በጆሮው ተናገረችው።

ከቀትር በኋላ ሦስቱን በሀጂራ ግቢ ሰበሰበች። ሰሚር በካቴና ነው። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደግፎ ያያል።

«ገዳዩ ደብተሩን ወሰደ፤ ካርቶኑን ናቀ» አለች። «ዘጠነኛው ውስጥ ግን የክፍያ ደረሰኝ አለ፤ ግማሹ ነሐሴ ስምንት የተከፈለ፣ ቀሪው ሲረከቡ የሚከፈል። ክዳኑ ላይ ደግሞ ‹ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ከተድላ እጅ ተረከብኩ› ይላል።»

«ሥራዬ ነው» አለ ተድላ።

«የትኛው አውቶቡስ አመጣው?»

ተድላ ወደ ግቢው በር አፈገፈገ።

ሀጂራ ደረታቸውን መቱ። «ወይ ጉድ! መንገዱ ተዘግቶ!»

«መምህሩ ሆን ብሎ ከተዘጋ በኋላ አዘዘ። ሻጩ አዲስ አበባ ቢሆን እቃው አይደርስም ነበር። ስግብግብ ግን ቀሪውን ክፍያ ለመቀበል መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ተድላ፣ ሻጩ አንተው ነህ። ከእሁድ ወዲህ አላየሁትም አልከኝ፤ ካርቶኑን የሰጠኸው ግን ትናንት ሰኞ ነው። እንደነቃብህ ገባህ፤ ማታውን መጥተህ ገደልከው።»

ፖሊሱ ከተድላ ማከማቻ ያገኘውን የመምህሩን ደብተርና ደም የነካውን የጎማ መፍቻ ይዞ ገባ።

«ሁለት ዓመት አብረኸን አለቀስክ!» አሉ ሀጂራ። «አቤቱታውን እንኳ የጻፍክልን አንተ ነህ!»

ካቴናው ከሰሚር እጅ ወጥቶ ተድላ እጅ ገባ። ሰሚር ሊሄድ ሲነሳ ሠናይት አስቆመችው። የዘጠነኛውን ካርቶን ክዳን አንስታ፣ አጥር ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብላ አነበበች።

«‹ሰሚርን በከንቱ አማሁት። የሰደብኩት ገበያ መሃል ነው፤ በሰው ፊት ይቅርታ የመጠየቅ ዕዳ አለብኝ።›»

ይቅርታው የተጻፈበትን ጫፍ ብቻ ከክዳኑ ቀድዳ ሰጠችው። ዝናቡ ጀመረ። ሰሚር ቁራጩን እንዳይርስ ከሸሚዙ ሥር ሸጎጠና ሱቁን ሊከፍት ሄደ።