ከፉርጎው ሥር የተነሣው ታኮ

ሌላው ሰው በሐሰት ሲወነጀል እውነቱን እያወቀ ዝም የሚል፣ የውሸቱ ተካፋይ ነው። በተናኜ ላይ የደረሰው ይህንኑ ያስረዳል።

«እንዳትቀባጥሪ!» አላት የክፍል ጓደኛዋ ሙሉአለም፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ክንዷን ይዞ። «ታኮ የሚባል ነገር አላየንም። አለቀ።»

«ጋሽ ዋቅቶላን እኮ ቀበሌ አስረዋቸዋል።»

«ሼባው ራሱ ረስቶት ይሆናላ!»

ተናኜ ክንዷን መነጨቀች። ጋሽ ዋቅቶላ እንዳልረሱት ሁለቱም ያውቃሉ። ከቦሌ ሚካኤል ቁልቁል፣ በእህል መጋዘኑ አጠገብ፣ ሎኮሞቲቩ ስንዴ የጫነ ፉርጎ አቁሞ ሲሄድ፣ የሐዲዱ ዘበኛ ጋሽ ዋቅቶላ ከመንኮራኩሩ ሥር ታኮ የሚሉትን ወፍራም እንጨት ይወትፋሉ። ቦታው ተዳፋት ነውና።

ቅዳሜ ዕለት ልጆቹ በሐዲዱ ዳር ኳስ ሊጫወቱ ሲሉ ለጎሉ አንድ ምልክት ጎደላቸው። ሙሉአለም ታኮውን ጎትቶ አመጣ። ፉርጎው በእጅ ፍሬኑ ተይዞ ንቅንቅ ሳይል ቀረ። «አያችሁ? ፋራ ሁላ!» ብሎ ሳቀባቸው። በረኛዋ ተናኜ ነበረች፤ ታኮው ከቀኝ እግሯ አጠገብ ተቀምጦ ተጫወተች። ጨዋታው ሳያልቅ ሎኮሞቲቩ ፉርጎውን ሊቀጥል ተመልሶ ገጨት ሲያደርገው፣ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ሊይዘው አልቻለምና ፉርጎው ቁልቁል ተንደረደረ፤ የመጋዘኑን ግንብ ደርምሶ ተገለበጠ። ሰው አልተጎዳም፤ ስንዴው ግን ጭቃ ላይ ተዘረገፈ። ሙሉአለም ታኮውን ወንዝ ውስጥ ወረወረና፣ «ማንም ቢጠይቅ አላየንም በሉ» አላቸው።

«አብዮት ጠባቂዎቹ ‹አሻጥር ነው› ብለዋል» አለች ተናኜ። «ነገ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ይወስዷቸዋል። ከዚያ በኋላ ማን ያውቃል?»

«ሰውየው ጴንጤ ነው፤ ድሮም ዓይን ውስጥ ገብቷል። ባንናገርም ብንናገርም አይለቁትም። ባክሽ አታካብጂ!» ጥቂት ራመድ ብሎ ዞረ። «ደግሞ በረኛዋ አንቺ ነሽ። እኔን ካስያዝሽ አብረን ነን።»

ቀኑን ሙሉ ይህ ቃል አላስቀምጥ አላት። አንዴ ደብተሯን ትገልጣለች፣ አንዴ በመስኮት ታያለች። «ተናኜ፣ ወንበሩ እሾህ አለበት እንዴ?» ቢሏት የሒሳብ መምህሩ፣ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀበሌው በኩል ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞረች፤ ከመንገዱ አጋማሽ ተመለሰች፤ እንደገና ዞረች፤ እንደገና ተመለሰች። በመጨረሻ ከቀበሌው በር ላይ የጋሽ ዋቅቶላን ባለቤት፣ እትዬ ዘርትሁንን፣ የምግብ ቋጠሮ ታቅፈው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ገረጣ? ምሳ አልበላሽም እንዴ?» አሏት።

«በልቻለሁ፣ እትዬ።»

«አልበላሽም። ለእሱ እንደሆነ አናስገባም ብለውኛል፤ ቀዝቅዞ ከሚቀር ነይ ቅመሽ።» ቋጠሯቸውን ፈትተው አንድ ጉርሻ ዘረጉላት።

ተናኜ ተቀበለች። አፏን ጠርጋ ቀጥታ ወደ ቀበሌው በር ዘበኛ ሄደች።

«ሊቀ መንበሩን ማነጋገር እፈልጋለሁ።»

«ስለ ምን?»

«ከፉርጎው ሥር ታኮውን ስላነሡት ልጆች። አንዷ እኔ ነኝ።»

ልጆቹ ሁሉ ተጠርተው አመኑ፤ ጋሽ ዋቅቶላም በማግስቱ ተፈቱ። በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ፣ ተናኜ በተማሪው ፊት ቆማ ግለ ሒስ አደረገች። ሙሉአለም ከእርሷ ቀጥሎ ቆመ። ታኮውን በማንሣቱና ሌሎችን ውሸት በማስተማሩ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታገደ፤ የፈረሰውን ግንብ ከአባቱ ጋር ሆኖ መልሶ እንዲገነባም ተፈረደበት።